አሥራ አንደኛው ደረጃ

መስከረም 22 ቀን

ፍልፈሌ፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ አለን፣ ተመስገን። «አለን» ሰፊ ቃል ነው፤ ትንፋሽ ያጠረውም፣ ወገቡ የተያዘውም ሰው ይገባበታል።

የአባባን እግር ጠይቀኸኛል። እግሩ ደህና ነው። ያስቸገረው ትንፋሹ ነው። ከመኝታው እስከ ምድጃው ሁለት ጊዜ ቆሞ ያርፋል፤ ምን ሆንክ ስለው «ድንጋዩን እያየሁ ነው» ይለኛል፣ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ። ሰባ ዓመት ያየውን ድንጋይ። እኔም አብሬው ቆሜ አያለሁ፤ ትንፋሹ ሲመለስ እንሄዳለን።

ሰዓት የሚጠግነው ጎረቤትህ፣ ባለ ሰዓቱ፣ ሰው ከመሬት በታች ይኖራል ስትለው አላምንም እንዳለህ ጽፈህ፣ የአገራችንን ነገር በደንብ እንድጽፍልህ ለምነሃል። አልፈርድበትም፤ መጥቶ ቢያይም አያይም። አውቶቡሱ ሜዳው ላይ ያወርደዋል። ከፊቱ ነጭ መሬት፣ እዚህም እዚያም እሾህ፣ ከአፈር የሚወጣ ቀጭን ጭስ፤ ሌላ የለም። ጣሪያችን ላይ እየተራመደ መንደሩ የት ነው ብሎ ይጠይቃል። ያ መንገድ ቀያሽ ከምድጃችን በላይ ቆሞ እዚህ የሚኖር ሰው አለ ወይ ሲል፣ እማማ ከታች ሆና «አለ፤ እባክህ ከራሳችን ላይ ውረድ» ያለችው ትዝ ይልሃል? ሰውየው መሣሪያውን ጥሎ ነበር የሮጠው።

እንዲህ ብለህ ንገረው። ሜዳው ዛፍ የለውም፣ ተራራውም ሩቅ ነው። በፈረስ የሚመጡ ዘራፊዎች ከግማሽ ቀን መንገድ ላይ ሰው ያዩ ነበር። መሸሸጊያው ወደ ታች ብቻ ነው። ድንጋያችን ደግሞ ሲቆፈር እንደ ሳሙና ይቆረጣል፤ አየር ከነካው በኋላ ግን በዓመቱ መሮ ይሰብራል። መጀመሪያ እህል ደበቁ፤ ቀጥለው ሴቶችንና ሕፃናትን፤ ቀጥለው ከብቱን። በመጨረሻ ራሳቸውም ወረዱና መውጣቱን ረሱት። በየበሩ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ክብ መዝጊያ አለ፤ ከውስጥ ሁለት ሰው ያንከባልለዋል፣ ከውጭ ሃያ ሰው አይነቀንቀውም። በምን ትተነፍሳላችሁ ካለህ፣ ከሜዳው እስከ አራተኛው ደርብ ቀጥ ብለው የሚወርዱ ጠባብ ጉድጓዶች እንዳሉ፣ እኛም «አፍንጫ» እንደምንላቸው ንገረው። ደርቡ የሚቆጠረው ወደ ታች ነው። ሌላ አገር የተከበረ ሰው ፎቅ ይወጣል፤ እኛ ዘንድ የተከበረ ሰው ይወርዳል። ዘራፊዎቹ ካለቁ ስንት ትውልድ አለፈ፤ ግን ላዩ ሲሞቅ ውስጡ ቀዝቃዛ፣ ላዩ ሲበርድ ውስጡ ሙቅ ሆኖ ተገኘና ቀረን። ስንፍና ነው ካለህም አትከራከረው።

ድሮ ሁለት መቶ ምድጃ ነበር አሉ። አዲሱ ሰፈር ሜዳው ማዶ ከተሠራ ወዲህ ሰው ሁሉ ወደዚያ ሄደ፤ ባለፈው ሳምንት ሸክላ ሠሪዋም ልጆቿን ይዛ ወጣች። አሁን የሚጨሰው የሦስት ቤት ምድጃ ብቻ ነው፤ የኛ፣ የጡረተኛው ፖስተኛ፣ የመንትዮቹ አሮጊቶች። እኔ ያው የአዲሱን ሰፈር ተማሪዎች ዩኒፎርም እሰፋለሁ። አባባም ያው የፈልፋዮች አለቃ ነው፤ ፈልፋይ የለም እንጂ።

መቼ ትመጣለህ? አባባ ጠይቂልኝ አላለም። እኔ ነኝ።

ወሬው ሳያልቅ ወረቀቱ ያለቀባት፣
እህትህ


ጥቅምት 17 ቀን

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። በሥራ አላሳብብም ብዬ ነበር፤ ግን ሥራ ነው። ይቅርታ።

ለባለ ሰዓቱ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ አውልቆ ሰማኝ። ስለ ዘራፊዎቹ አልጠየቀም፣ ስለ መዝጊያውም አልጠየቀም። «ታዲያ ጠዋት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?» ነው ያለኝ። በምን ነበር የምናውቀው? ሃያ ዓመት ኖሬበት እንዴት ይረሳል?

እኔ ደህና ነኝ። ክፍሌ ከሱቁ በላይ ናት፤ መስኮት አላት፣ እንዲያውም ሁለት። ከአንደኛው አሮጌው ባቡር ጣቢያ ይታየኛል። የባቡሩ ዋሻ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ በዚህ ወቅት ፈቃድ መጠየቅ አይቻልም። ሲቻል እመጣለሁ። አድራሻዬም ያው ነው።

ለአባባ ግራጫ ሹራብ ልኬያለሁ። እጅጌው ከረዘመ አንቺ ታውቂበታለሽ።

ጠይቂልኝ አላለም ያልሽው እውነት ነው?

ወንድምሽ


ኅዳር 8 ቀን

ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ በባለ ሰዓቱ ሱቅ በኩል የላክሁት አንድ ነገር እጄ ስለገባ ነው። ለባቡር ዋሻው መሥሪያ ቤት የጻፍኩልህ ተመልሶ መጣ። ጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ከለቀቀ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ደብዳቤውን ይቀበልለት የነበረው ባልደረባውም ተዛውሯል» ይላል። ያመጣልኝ ፖስተኛው ነው። «በሠላሳ ዓመት ሥራዬ የተመለሰ ደብዳቤ ማድረስ ይከብደኝ ነበር፣ ጡረታ ወጥቼም አልለቀቀኝም» ብሎ ጎንበስ ብሎ ሄደ።

መጀመሪያ የጠየቅኸኝን ልመልስ። ጠዋት መሆኑን የምናውቀው ወለሉ ላይ ነው። በአፍንጫው በኩል የሚወርደው ብርሃን ሳህን የሚያህል ክብ ይሠራል፤ እማማ ክቡ ምድጃውን ሲነካ ነበር የምትቀሰቅሰን። አንተ እግርህን እዚያ ክብ ውስጥ ካላሞቅህ አትነሣም ነበር። ለባለ ሰዓቱ ይህን ንገረው።

አሁን ደግሞ የኔ። አባባ አራተኛው ደርብ ወርዷል። የተወለደባትን፣ አያቱ የፈለፈላትን ትንሿን ክፍል ታውቃታለህ። እዚያ ካልተኛሁ አለ፤ እኔና ፖስተኛው በወንበር አወረድነው። የአዲሱ ሰፈር ነርስ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። ልቡ ውሃ ይዟል፣ ወደ ላይ አውጥታችሁ ሐኪም ቤት አስገቡት አለች። «ስወለድም ወደ ላይ ያወጣኝ የለም» አላት። ነርሷ ሳትወድ ሳቀች፤ ደረጃውን ስትወጣ ግን ዓይኗን ጠረገች።

ጠይቂልኝ አላለም ያልኩህ ውሸት ነው። በየቀኑ ይጠይቃል። «ልጄ ምን ጻፈ?» ይለኛል። ደብዳቤ ባልመጣ ጊዜ ከመንትዮቹ ቤት አሮጌ ወረቀት አምጥቼ እያየሁ አነብለታለሁ። ባለፈው ረቡዕ ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና ነኝ፣ የዋሻው አለቃ ሆኛለሁ ብለሃል። እንኳን ደስ አለህ።

ምን ሆነህ ነው? ታስረሃል? ሳትነግረን አግብተሃል? ታመሃል? ከሦስቱ አንዱን ንገረኝ፤ ቢያንስ እውነተኛ ነገር እንዳነብለት።

እህትህ


ኅዳር 25 ቀን

እትዬ፣

አልታሰርኩም። አላገባሁም። ሦስተኛውን አላውቅም።

የዛሬ ሁለት ዓመት በየካቲት ዋሻው ውስጥ ጣሪያው ወረደብን። አራት ነበርን። እኔ አንድ እጄ ነፃ ነበር፣ የቀረው ሰውነቴ ድንጋይ ተጭኖት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት። ከጎኔ የነበረውን ሰው ዘፋኙ ነበር የምንለው፤ መሰርሰሪያው እየጮኸ እንኳ ይዘፍን ነበር። አላየውም ነበር፤ እሰማው ነበር። መጀመሪያ ቀለደ። ቆይቶ የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ነገረኝ፣ እንዳልረሳ ደግሜ እንድልለት አደረገኝ። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ካለ በኋላ ስድስት ሰዓት ያህል አጠገቡ ነበርኩ። የወጣነው ሁለት ነን።

ይህም ብቻ ቢሆን። ድንጋይ ሳይናገር አይወድቅም ብሎ አባባ ያስተማረንን እነሱን አስተምሬያቸው ነበር። ይሄ ከመሬት ሥር የተወለደ ነው፣ ፍልፈል ከሰማ ይበቃናል ይሉ ነበር። ያን ቀን ድንጋዩ ተናግሮ እንደሆነ አላውቅም። እኔ አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲህ ጣሪያ እጠግናለሁ። ጣሪያ ላይ የሚሠራ ሰው ከበላዩ የሚወድቅ ነገር የለም። ያልኩሽ ክፍል ከሱቁ በላይ ናት ማለቴ ከሕንፃው ሁሉ በላይ ናት፤ ሰገነቱ ላይ ልብስ ማስጫው አጠገብ የተሠራች አንዲት ክፍል። በሯን ዘግቼ አልተኛም፤ ብርድ ሲሆን ሁለት ብርድ ልብስ እደርባለሁ። ሊፍት አልገባም። አውቶቡስ ውስጥ በሩ አጠገብ ቦታ ካጣሁ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ። ደብዳቤሽ ላይ «አራተኛው ደርብ» የሚለውን ሳነብ ወረቀቱን ይዤ ከክፍሌ ወጣሁ፤ የቀረውን ደጅ ቆሜ ነው ያነበብኩት።

ለአባባ አትንገሪው። የፈልፋዮች አለቃ ልጅ ድንጋይ ፈራ ከሚባል፣ ክፉ ልጅ ሆኖ ረሳን ይባል። እሱ ይሻለኛል።

ግን እሞክራለሁ። በታኅሣሥ አጋማሽ መጥቼ እሞክራለሁ። የምመጣበትን ቀን አልነግርሽም፤ ደጃፍ ላይ ሰው ቆሞ ከጠበቀኝ አልችልም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 5 ቀን

ወንድም ዓለም፣

ደብዳቤህን ለማንም አላነበብኩም። ብዙ ልጽፍ ጀምሬ ቀደድኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻህን ይህን ተሸክመህ፣ እኔ መስኮት ስላለው ክፍል ደስ ይለኝ ነበር።

ቀኑን አልጠይቅህም። ደጃፍ ላይም አልቆምም። ከታኅሣሥ አሥራ አምስት ጀምሮ በየቀኑ፣ ጠዋት እስከ ማምሻ፣ በየአምስት ደረጃው ፋኖስ አበራለሁ። ከመግቢያው፣ ከአፉ፣ እስከ አባባ ክፍል ስልሳ አንድ ደረጃ ነው፤ ፖስተኛው ቆጥሮልኛል። በየደርቡ አረፍ የምትልበት በርጩማ አስቀምጣለሁ። ክብ መዝጊያዎቹን ሁሉ ወደ ኋላ አንከባልለን ሽብልቅ አስገብተንባቸዋል፤ የሚዘጋ ነገር የለም። መንትዮቹ ምን ሊመጣ ነው ብለው ጠየቁኝ። ነርሷ ደረጃው ጨለመብኝ አለች አልኳቸው።

አባባ አሁን የሚናገረው ጥቂት ነው። ነርሷ ሳምንታት አለችኝ፤ ወራት አላለችም። ላስቸኩልህ አይደለም። ግን ብደብቅህም በደል ነው።

ምንም ይዘህ አትምጣ።

እህትህ


ጥር 3 ቀን

እትዬ፣

ስላልመጣሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ትኬቱን ልቆርጥ ስል ንፋስ የአንድ መጋዘን ጣሪያ ገንጥሎ ሄደ፤ ከሥሩ ያለው ዕቃ ከመበላሸቱ በፊት ድረሱ ተባልን። ሰው ስለጠፋ እኔን አልለቅ አሉኝ። እስካሁን እዚያው ነኝ።

በሚመጣው ወር እንደምንም ብዬ እመጣለሁ።

አባባ ሹራቡን ለበሰው? እጅጌው ልኩ ነው?

ወንድምሽ


ጥር 15 ቀን

ወንድሜ፣

ሹራቡን ለብሶታል። እጅጌውን ሁለት ጣት ያህል አሳጠርኩት። ለብሶት ነው የሸኘነው።

አባባ ታኅሣሥ 24 ቀን ረፋድ ላይ አረፈ። አልተሰቃየም። ውሃ ጠይቆኝ፣ ቀድቼ ዞር ስል አልቋል። ጽዋውን ይዤ ምን እንደማደርገው ጠፋኝና ራሴ ጠጣሁት።

ሦስት ሳምንት ሳልነግርህ ቆየሁ። ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ዛሬ ብጽፈው የምጸጸትበት ቃል ይወጣኛል። የመጋዘኑን ጣሪያ ነገር አንብቤዋለሁ።

ወሬው አዲሱ ሰፈር ሲደርስ ሰው መጣ። ያላሰብኳቸው ሁሉ መጡ። ሸክላ ሠሪዋ፣ የአውቶቡሱ ሾፌር፣ ከአባባ ጋር ተጣልቶ የወጣው ድንጋይ ጠራቢ ሳይቀር። ደረጃውን ሲወርዱ አየኋቸው፤ ጎንበስ የሚባልበትን ቦታ ማንም አልነገራቸውም፣ ሁሉም በቦታው ጎንበስ አለ። ሳጥኑ ከሦስተኛው ደርብ በላይ ያለው ጠባብ መታጠፊያ ላይ አላልፍ ብሎ ስለነበር አቁመን ነው ያሳለፍነው። ጠራቢው «አለቃዬ፣ ቆመህ ውጣ እንግዲህ» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ያለቀሰው።

ሜዳው ላይ ከእማማ አጠገብ ቀብረነዋል። አፈሩ ነጭ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል።

ማምሻውን ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። መንትዮቹ እነሱ ጋር እንዳድር ለምነውኝ እንቢ አልኩ። ለምን እንቢ እንዳልኩ አላውቅም። ወርጄ ፋኖሶቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ።

አይዞህ። ይህን የምልህ ማለት ስላለብኝ አይደለም።

እህትህ


ጥር 30 ቀን

እትዬ፣

የመጋዘኑ ጣሪያ ውሸት ነው።

መጥቼ ነበር። ታኅሣሥ 21 ቀን፣ ከቀትር በኋላ። አውቶቡሱ ሜዳው ላይ አወረደኝና ሄደ። ሰው አላየኝም፤ እንዳያየኝም ስለፈለግሁ በአሮጌው የከብት መውረጃ በኩል ዞሬ መጣሁ። አፉ ላይ ስደርስ ፋኖሶችሽን አየኋቸው። በጠራራ ፀሐይ የበራ ፋኖስ እንዲህ የሚያሳፍር አይመስለኝም ነበር።

አሥራ አንድ ደረጃ ወረድኩ። አሥራ አንደኛው ላይ ደረጃው ይታጠፋል፤ ከኋላ የሚመጣው የቀን ብርሃን እዚያ ያልቃል። ቀጣዩ ፋኖስ ይታየኛል። አራት ደረጃ ቢሆን ነው። እግሬን ለማንሣት ሞከርኩ። የቀዘቀዘው ድንጋይ ሽታ መጣብኝ፤ ቀጥሎም ዘፋኙ ዝም ያለ ጊዜ የሰማሁትን ዝምታ ሰማሁት። የወጣሁት በእጄም በእግሬም ነው፣ እንደ ሕፃን። ጉልበቴ ተልጦ ነበር፤ ያየሁት አውቶቡስ ውስጥ ነው።

ወዲያው ልሄድ አልቻልኩም። እማማ በነጭ ጠጠር ዙሪያውን የደረደረችው አፍንጫ አለ አይደል፣ የኛ መሆኑን በሱ አውቄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ብርዱ ሳል አስያዘኝ። አንዴ ጎንበስ ብዬ አባባን ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤ ና ውረድ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ የሚመለሰው አውቶቡስ ጥሩምባ ነፋ፣ ተነሥቼ ሄድኩ።

ስልሳ አንድ ደረጃ ነው ብለሽኛል። ሃምሳ ቀርቶኝ ነበር። አባቴ ሃምሳ ደረጃ ታች ሆኖ ልጄ መቼ ይመጣል ሲል፣ እኔ ጣሪያው ላይ ነበርኩ።

ይቅር በይኝ አልልም። እንድታውቂው ብቻ ነው።

ወንድምሽ


የካቲት 12 ቀን

ወንድም ዓለም፣

ደብዳቤህን ሦስት ቀን ይዤ ዞርኩ። አሁን የኔ ተራ ነው።

እናውቅ ነበር።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ ለአባባ ውሃ ሳጠጣው እጁን አነሣና ዝም በይ አለኝ። በአፍንጫው በኩል የሰው ሳል ይወርዳል። አንተ ረስተኸው ይሆናል፤ ላይ አፍንጫው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ትንፋሹ ሳይቀር አራተኛው ደርብ ይሰማል። ማን ይሆን አልኩ። «ፍልፈል ነው» አለ። «ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሁለቴ ስሎ ነው የሚያርፈው።»

ብድግ ስል እጄን ያዘኝ። የተባባልነው ይህ ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

«ልጥራው።»

«አትጥሪው።»

«አባባ፣ ደረጃውን ፈርቶ ነው። እጁን ይዤ አወርደዋለሁ።»

«አውቃለሁ። ድንጋይ የተጫነው ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ከታች አይጠሩትም። ከጠሩት ይወርዳል፤ ወርዶ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣል። በኔ ዘመን ሁለት አይቻለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«አንቺ ነሻ። ያነበብሽልኝ ደብዳቤ ሁሉ ውስጥ ስለ ዋሻው ድንጋይ አንድ ቃል የለም። ልጄ ደህና ሆኖ ቢጽፍልኝ ከሱ ሌላ አይጽፍም ነበር።»

ከዚያ አልጋውን አፍንጫው ሥር እንድገፋለት ጠየቀኝ። ገፋሁለት። ትራስ ደግፌው ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ዋለ። ስትስል ፈገግ ይላል። አንድ ጊዜ እግርህን ስታንቀሳቅስ አቧራ ፊቱ ላይ ወረደ፤ ልጠርግለት ስል ተይው አለኝ። አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፍቶ እርምጃህ ሲርቅ ዓይኑን ጨፈነና «ዛሬ ከልጄ ጋር ዋልኩ» አለ። ከዚያ ወዲያ መቼ ይመጣል ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ስለዚህ ሃምሳ ደረጃ ቀርቶኝ ነበር አትበል። ደርሰሃል።

የኔን ደግሞ ስማ። እኔ እንደሱ አይደለሁም። አርባ አራት ዓመት እዚሁ ታች ነኝ። አጠብኩት፣ አጎረስኩት፣ የሌለ ደብዳቤ አነበብኩለት፤ ለኔ ድምፅ ብሎ አልጋውን ወደየትም አስገፍቶ አያውቅም። አንተ ጣሪያ ላይ ስለሳልክ ፊቱ በራ። መጋዘን ምናምን ብለህ ስትጽፍልኝ ደግሞ ጭራሽ ደሜ ፈላ። መርዶህን ሦስት ሳምንት የያዝኩት ለዚህ ነው። ዘግይቶ ይድረሰው፣ ይመመው ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ፈልጌ አጣሁ።

ይቅር በለኝ። እኔ እላለሁ።

እህትህ


መጋቢት 1 ቀን

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ሰገነቱ ላይ ተቀምጬ አነበብኩ። ባለ ሰዓቱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሱቁን ዘግቶ ከኔ ጋር ዋለ።

ይቅርታሽን አልቀበልም፤ የሚቀበሉት በደል ሲኖር ነው። እስካሁን ታች የቀረሽው እኔ ስለሄድኩ ነው።

አዲሱ ሰፈር ግቢ ብዬ አልለምንሽም። አባባ ሆነሽ እንደምትመልሺልኝ አውቃለሁ። ታች ወርጄ አብሬሽ እኖራለሁ ብዬም ቃል አልገባም። አንድ የምችለው ነገር አለ። ሜዳው ላይ፣ ከቤታችን አፍ አጠገብ፣ አንዲት ክፍል ልሥራ። እንጨቱን ከዚህ ጭኜ እመጣለሁ። አንቺ ከታች ትወጫለሽ፣ እኔ ከአውቶቡስ እወርዳለሁ፣ እዚያ እንገናኛለን። ማደር ካልፈለግሽ ማታ ማታ ትወርጃለሽ። የልብስ ስፌት ጠረጴዛሽ እንዲገባ ልኩን ላኪልኝ።

በሚያዝያ መጀመሪያ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ባለው አውቶቡስ እመጣለሁ። ቀኑን የነገርኩሽ ደጃፍ ላይ ቆመሽ እንድትጠብቂኝ ነው።

ወንድምሽ


መጋቢት 16 ቀን

ፍልፈሌ፣

ጠረጴዛዬ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከአርባ፣ ወርዱ ሰባ ነው። እኔ ደግሞ ወንበሬን ወደ ኋላ ስገፋ ሌላ ሰማንያ እፈልጋለሁ። እገባለሁ አላልኩም፤ ልክ ነው የጠየቅከኝ፣ ልክ ሰጠሁህ።

ቤቱን ከአፉ ሃያ እርምጃ ወደ ምሥራቅ አድርገው። ሥሩ ክፍል የሌለበት ቦታ እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ብትተክለው ያንዱ አያት ጓዳ ውስጥ ትገባለህ።

መንትዮቹ ወጡ። የእህታቸው ልጅ በጋሪ መጥቶ ወሰዳቸው፤ አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ትቆጣት ነበር። ፖስተኛው ከነሱ በፊት ነው የሄደው፤ ደብዳቤህን ግን እስከ አፉ ያመጣልኛል። አሁን ከሜዳው የሚወጣው ጭስ የኔ ብቻ ነው። ትናንት ሙሉ ቀን ከሰው ጋር አንድ ቃል እንዳልተነጋገርኩ ያወቅሁት፣ ክር ሲበጠስብኝ ራሴን ስሳደብ ድምፄ አስደንግጦኝ ነው።

ሐሙስ ደጃፍ ላይ እቆማለሁ። አውቶቡሱ ቢዘገይም እቆማለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትሳቅብኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ዝናብ ከበላዬ ሲዘንብ ሰምቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ ዝናብ የሚታወቀው በማግስቱ ነው፣ ግድግዳው ሲያልበው። መንትዮቹ አዲሱ ቤት ገብተው ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ምድር የተናደ መስሏቸው አልጋ ሥር ገብተው ነበር አሉ። አንተ ጣሪያ ሠሪ ነህ፣ ታውቃለህ። ምን ያህል ይጮኻል? ከሥሩ ሁለት ሰው ቢቀመጥ ይደማመጣል?

እህትህ